ድምጿን ስሚ

ይሄን የምጽፈው ደሴ እናቴ ቤት ሆኜ ነው፣ ሶስት ሳምንት ፈቃድ አግኝቼ መጣሁ፣ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ በራችን ወርዶ ብርዱ ሌላ ነው። ከእንግሊዝ ከመጣሁ ጀምሮ ጠያቂው ሁሉ "ነርስነቱን ለምን ተውሽው?" ነው የሚለኝ፣ እናቴ ራሷ ሚድዋይፍ፣ ማለት አዋላጅ፣ ልሆን እየተማርኩ ነው ብዬ በስልክ የነገርኳት ቀን "ልጄ፣ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ታች ይወርዳል?" ብላኝ ከፍቶኝ ነው ያደርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እዛ ነርስና ሚድዋይፍ ሁለት የተለያየ ሙያ ነው፣ ምዝገባውም ለየብቻ ነው፣ ዘጠኝ አመት ነርስ ሆኜ ብሰራም ማዋለድ አይፈቀድልኝም። ከዜሮ የሚጀምር ሰው 3 አመት ይማራል፣ ለኛ ለነርሶች አጠር ያለ አለ፣ አጠረ ማለት ግን ቀለለ ማለት አይደለም፣ ከመመረቄ በፊት 40 እናቶች በራሴ እጅ ማዋለድና 100 የእርግዝና ምርመራ ማድረግ አለብኝ፣ እያንዳንዷ ተፈርሞባት ነው የምትቆጠረው። እስካሁን 11 አዋልጃለሁ።

የከበደኝ ቁጭ ማለቱ ነው። ዋርድ ላይ የለመድኩት ሩጫ ነው፣ ሰው ካቃሰተ መድሃኒት፣ ስኳር ከወረደ ግሉኮስ፣ አንድ ነገር ካላደረግኩ የሰራሁ አይመስለኝም። ምጥ የያዛትንም እንደ በሽተኛ ያዝኳት፣ ትራስ አስተካክላለሁ፣ ግፊት እለካለሁ፣ ስትጮህ ብድግ እላለሁ፣ በመጨረሻ አሰልጣኜ ክንዴን ይዛ "ተቀመጪና ድምጿን ስሚ" አለችኝ። ስቀመጥ እውነትም ድምፁ ይቀየራል፣ ላይ ላይ ሲጮህ የነበረው ወርዶ ከሆድ የሚመጣ ማማጥ ይሆናል፣ ሳትነኪያት መቃረቧን ታውቂያለሽ።

ትናንት ቡና ላይ ይሄን ለጎረቤታችን ለእማማ አጫወትኳቸው፣ ድሮ ሰፈሩን ሁሉ ያዋለዱ ናቸው፣ እስላሟንም ክርስቲያኗንም፣ ሁሏም ማርያም ማርያም እያለች። "እኔማ ስትጮህ አልነሳም፣ ድምጿ ሲወፍር ነው የምነሳው" አሉኝ። ተነስቼ እጃቸውን ሳምኩ።

ዛሬ ጠዋት ደሞ የእማማ ምራት መጣች፣ ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ክትትሏን ጤና ጣቢያ ነው የምታደርገው፣ እስቲ አዳምጪልኝ አለችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የፅንስ የልብ ምት የሚዳመጥባት የእንጨት ፌቶስኮፕ ነበረችኝ፣ ተማሪ እያለሁ እዚሁ ደሴ መብራት ሲጠፋ የምናዳምጥባት አይነት፣ እዛም ያ ሁሉ ማሽን እያለ እስካሁን ያስተምሩባታል። አልጋ ላይ ጋደም አድርጌያት የልጁን ጀርባ በእጄ ፈለግኩ፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል አገኘሁት፣ ፌቶስኮፗን እዛው አቁሜ ጆሮዬን ደገፍ አደረግኩና እጄን ለቀቅኩ፣ እጅ ከነካት ድምፁ ይረበሻል፣ ሰዓቴን እያየሁ በአንድ ደቂቃ 142 ቆጠርኩ፣ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው።

ቀና ስል እናቴ ጀበናውን እንደያዘች አጠገቤ ቆማለች። "እኔስ?" አለችኝ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ብዙ ቆየች፣ ውጪ ልጆች ሲንጫጩ ቀና ብላ "ዝም በሉ! ዝም በሉ!" ብላ ጮኸችባቸውና ተመልሳ ጆሮዋን ደገፈች።