የክንፉ ጭስ

የሥራ ባልደረባችን ከወዳደቀ ብረት ትልቅ ወፍ እየሠራ ነበር። አካሏ የማርሽ ጥርስ፣ አንገቷ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ነው። ለክንፎቿ የዚንክ ልባስ ያለው አሮጌ ባልዲ ቆረጠ። ዚንክ ብረት ላይ ሲረጋ የበረዶ ቅንጣት የመሰለ ጥለት ይሠራል። ልጁ የወደደው እሱን ነው። እንዳይጠፋበት ብሎ ልባሱን ሳይፍቅ በየደው።

አንዱን ክንፍ እስኪጨርስ ነጭ ጭስ ሲትጎለጎል ዋለ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ አፉ ላይ ያሰረውም ጨርቅ ብቻ። ጠረጴዛው በነጭ ብናኝ ተሸፈነ። ሲመሽ ያንቀጠቅጠው ጀመር። አፉን ብረት ብረት አለው፣ ደረቱን ጨመደደው። ወባ መሰለው። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው "ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?" ብላ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ሐኪም ቢጠይቀው ደስ ይለኛል።

ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ዚንክ ግን 907 ላይ ይፈላል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ልባሱ ይተንና በያጁ ይስበዋል። ይህ ጭስ የሚያመጣው ትኩሳት ከሰዓታት በኋላ መጥቶ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ስለሚለቅ ይናቃል። ወተት ጠጥቶ ወደ ብየዳው የሚመለስ ስንት አለ! ወተት ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም።

የባሰም አለ። አንዳንድ የቆዩ የመኪናና የአውሮፕላን ብሎኖች ካድሚየም በሚባል መርዛማ ብረት የተለበጡ ናቸው። ቢጫማ የሆኑት፣ ቢጫማ ከሆነ የዚንክ ልባስ በዓይን አይለዩም። የካድሚየም ጭስ አጀማመሩ ያው ብርድ ብርድ ማለት ነው። ከዚያ ግን ሳንባ ውሃ ይቋጥርና ሰው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ብሎን ካገኘን አናሞቀውም፣ በግራይንደርም አንነካውም።

ልጁ ሲሻለው ሁለተኛውን ክንፍ ቀዳድቶ በሪቬት፣ ማለትም ያለ ብየዳ በሚያያይዝ የብረት ቁልፍ፣ አሰረው። ጥለቱ ሳይነካ ቀረ። ክንፉ እንደውም ነፋስ ሲነካው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከተበየደው ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ብየዳ የግድ ሲሆን ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ያለውን ልባስ በሁለቱም ገጽ እንፍቃለን። የብረት ጭስ የሚያጣራ ፊልተር ያለው የመተንፈሻ ማስክ ሳያደርግ ግን ማንም መበየጃውን አያበራም።