ቢላው ሲረዝም ፊደሉ ይንጋደዳል

ስቲከር የሚቆርጥ ፕሎተር ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ወይም ቦርዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጣጣው የሚነሳው ከመያዣው አጉል ረዝሞ ከወጣ ቢላ ነው። የረዘመ ቢላ ስቲከሩን አልፎ ጀርባ ወረቀቱን ያርሳል። ወረቀቱን ሲያርስ ጭነት ይበዛና ስቲከሩ ከጎማው ስር ይንሸራተታል። ከታች ያለው ማረፊያም ይቦረቦራል። ከዚያ «አላይመንቱ ሄደ» (የክፍሎቹ አሰላለፍ ተዛባ) ተብሎ ማሽኑ ይፈታል። አላይመንቱ የትም አልሄደም።

የተለመደው የሱቅ ስቲከር ውፍረቱ ከ0.07 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ቢላው መውጣት ያለበት በጥቂቱ ነው፤ ጫፉ በዓይን ብልጭ ካለ ይበቃል፤ በጣት የሚነካ ከሆነ በዝቷል። ልኩን ለማግኘት መያዣውን ከማሽኑ ነቅላችሁ እንደ እስክሪብቶ ያዙትና ቁራጭ ስቲከር ላይ ጫን አድርጋችሁ አስምሩ። ስቲከሩ ተቆርጦ ወረቀቱ ላይ የጭረት ጥላ ብቻ ከቀረ ልኩ ያ ነው። ቁራጩን ገልብጣችሁ ጀርባውን በአውራ ጣት ዳስሱት። መስመሩ ከጀርባ በኩል ከተሰማችሁ ቢላውን ትንሽ መልሱት። ከዚህ በኋላ ነው ግፊት የሚስተካከለው፦ ከ60 ግራም ጀምሩና በፊደሉ ዙሪያ ያለው ትርፍ ስቲከር በቀላሉ እስኪነቀል በ10 በ10 ጨምሩ። ለተራ ስቲከር ከ80 እስከ 100 ግራም አካባቢ ይበቃል። 150 አልፎም የማይቆርጥ ከሆነ ቢላው ደንዝዟል፤ ግፊት መጨመር ማረፊያውን ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም።

ለሙከራ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ካሬ ከመቁረጥ «ዐ»ን እና «ተ»ን ጎን ለጎን በ2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ብትቆርጡ የበለጠ ትማራላችሁ። «ዐ» መነሻና መድረሻው መግጠሙን ያሳያል፤ «ተ» ደግሞ ማዕዘኑን። የ«ተ» ማዕዘኖች ከተድቦለቦሉ የቢላው ኦፍሴት (ጫፉ ከመያዣው መሃል የሚርቅበት ልክ) አንሷል፤ ማዕዘኑ ላይ ጆሮ ካወጣ በዝቷል። ለተለመደው 45 ዲግሪ ቢላ መነሻው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የ«ዐ» ክፍተት በሁሉም ፊደል ላይ እኩል ከሆነ ኦፍሴቱን ወይም ቢላው በመያዣው ውስጥ በነፃነት መዞሩን ፈትሹ። ክፍተቱ ሥራው እየረዘመ ሲሄድ የሚሰፋ ከሆነ ግን ስቲከሩ እየተንሸራተተ ነው፤ ኦፍሴት መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

መያዣው ውስጥ የጸጉር ያህል የስቲከር ክር ከገባ ቢላው መዞር ያቅተዋል። በሳምንት አንድ ቀን ነቅላችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ላይኛዋ ኩሽኔታ ከጠነከረች አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃታል። ሪፍሌክቲቭ (ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስቲከር) የምትቆርጡ ከሆነ ለብቻው ቢላ ያዙ፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች ስለቱን ቶሎ ይበሉታል፤ በዚያ ቢላ ተመልሶ ትንንሽ ፊደል መቁረጥ አይታሰብም።

ከቢላው ስር ያለው ማረፊያ ብዙ ሰው የማያየው ዕቃ ነው። ቢላውን የሚይዘው ጭንቅላት ሁልጊዜ በአንድ መስመር ስለሚመላለስ ጫፉ የቦረቦረው ቦይ እዚያው ይቆያል። ቦዩ ላይ ስቲከሩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ቢላው በሙሉ አቅሙ አይደርስበትም፤ መስመሩም ነጠብጣብ ይሆናል። ፊደሉ ሁልጊዜ በዚያው ስፍራ ብቻ ካልተነቀለ ጥፍራችሁን ማረፊያው ላይ ሂዱበት፤ ከያዛችሁ ይቀየር። አሮጌውን ስትልጡ የቀረውን ሙጫ በሙሉ አጽዱ፤ አዲሱን ሳትወጥሩ ለጥፉት። ከስሩ የገባ አየር ያው ነጠብጣብ ያመጣል።

ወደ ጎማዎቹ እንምጣ። ፒንች ሮለሩ፣ ማለትም ስቲከሩን ከላይ የሚጫነው ጎማ፣ መቀመጥ ያለበት ሸካራው ዘንግ ባለበት ቦታ ላይ ነው፤ ከዘንጉ ወጣ ካለ ያንሸራትታል። ከስቲከሩ ጠርዝ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ኃይላቸው እኩል መሆኑን ለማወቅ በእያንዳንዱ ስር የወረቀት ቁራጭ አስገብታችሁ ሳቡ፤ አንዱ በቀላሉ የሚለቅ ከሆነ ስቲከሩ ወደ አንድ ጎን የሚሄደው ለዚህ ነው። ሸካራውን ዘንግ በብሩሽ፣ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። ቲነር ጎማውን ያቀልጠዋል። ጭንቅላቱ የሚሄድበትን ሐዲድ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባትም የማሽኑ መመሪያ ካላዘዘ ይቅር፤ ቅባቱ አቧራ ሰብስቦ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈትገዋል። ደብረ ብርሃን በጋውን በነፋስ የሚመጣውን አቧራ የምታውቁት ናችሁ፤ ከሥራ በኋላ ማሽኑን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን አንድ ብር አያስወጣም። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ጭንቅላቱን በእጅ ከዳር እስከ ዳር ግፉት፤ አንድ ስፍራ ላይ ከከበደ ሐዲዱ ወይም ቺንጋው ጥርስ ውስጥ ቆሻሻ አለ።

ረጅም ሥራ ስትጀምሩ የሚያስፈልገውን ያህል ስቲከር ከጥቅሉ ቀድማችሁ ፍቱና አላሉት። ማሽኑ ከባድ ጥቅል ራሱ እየጎተተ ሲቆርጥ ሞተሩ እርምጃ ይስታል። ለ3 ሜትር ሥራ 3 ሜትር ወደፊት አስኬዱና መልሱ፤ ጠርዙ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሸሸ ነቅላችሁ ደግማችሁ ጫኑ። ልኬቱን ለማረጋገጥ 500 በ500 ሚሊ ሜትር ካሬ ቁረጡ። ሁለቱ ዲያጎናሎች እያንዳንዳቸው 707 አካባቢ መሆን አለባቸው። እነሱ ከተበላለጡ ስቲከሩ ተንጋዷል፤ ዲያጎናሎቹ እኩል ሆነው ጎኖቹ ከ500 ከራቁ ግን የሚስተካከለው የማሽኑ ስኬል (የመጠን ልኬት) ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

የአየሩ ነገርም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሱቅ ያደረ ጥቅል ጠዋት ጠንክሮ ይገኛል፤ ጥግ ላይ ይሰነጠቃል፤ ትራንስፈር ቴፑም (የተቆረጠውን ፊደል አንስቶ የሚያዛውረው ቴፕ) አይዝለትም። ጥቅሉን ከቀዝቃዛው ግድግዳ አርቁ፤ ክፍሉ ሞቅ ሳይል አትቁረጡ። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በቆላው ሙቀት ሙጫው ይለሰልስና የተቆረጠው መስመር መልሶ ይጋጠማል። እዚያ የተቆረጠውን ወዲያው መንቀል፣ ቢላው ጫፍ ላይ የተለጠፈውን ሙጫም ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው።

መብራት በመሃል ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ የኃይል ጭማሪ ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ጭንቅላቱንም ስቲከሩንም አትንኩ፤ ማሽኑ መነሻውን ቢረሳም ስቲከሩ ካልተነቃነቀ ያንኑ መነሻ ነጥብ መልሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ ለዚህም ሥራ ስትጀምሩ መነሻውን ስቲከሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። 5 ሜትሩን በአንድ ጊዜ ከመላክ በየ1 ሜትሩ ከፋፍሉት። ኮምፒውተሩና ፕሎተሩ ግራውንድ ካለው አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ በደረቁ አየር ስቲከሩ ሲፈታ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ዩኤስቢውን እያቋረጠ ፊደሉን ከመሃል የሚያስቀር ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የቢላው አይደለም።