ዘንዴያን ከ«ሼክ ኢት አፕ» እስከ «ቻሌንጀርስ»፦ የ3ኛው ወር ማስታወሻ

የፊልም ትወናን የአንዲት ተዋናይት ሥራ በቅደም ተከተል እያዩ የመማሩ ልምምድ 3ኛ ወሩን ይዟል። የተመረጠችው በ1996 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የተወለደችው ዘንዴያ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)።

መነሻው በ14 ዓመቷ የጀመረችው የዲዝኒው «ሼክ ኢት አፕ» (2010–2013) ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ታበዛዋለች» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው ሲትኮም (የቀልድ ተከታታይ) ግን በአንድ ጊዜ በበርካታ ካሜራዎች ነው የሚቀረጸው። ተዋናዩ ፊቱን ወደ ካሜራዎቹ ከፈት አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከቀልዱ በኋላ ለሳቁ ቦታ መተው አለበት። ከ1ኛው ምዕራፍ 2 ክፍል፣ ከ3ኛው 2 ክፍል አይቶ ዝምታዎቹን መቁጠር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሠራችውን የዲዝኒ ተከታታይ «ኬሲ አንደርከቨር»ን አንድ ክፍል ቀምሶ ማለፍ ይቻላል።

ጊዜ የሚበላው የቴሌቪዥን ድራማው «ዩፎሪያ» ነው። የሱሰኛ ወጣት ታሪክ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ሳሎን አይከፈትም። ከሁሉም የሚጠቅመው በታኅሣሥ 2020 የወጣው ልዩ ክፍል ነው፤ ከሞላ ጎደል ሙሉው እሷና ተዋናዩ ኮልማን ዶሚንጎ በአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያወሩበት ነው። መሸሻ የለም፣ ያለው ፊት ብቻ ነው። መጀመሪያ እንደ ተመልካች ይታያል። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ድምፁ ተዘግቶ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ፤ ከሰውየው ላይ ዓይኗን ያነሳችበት ደቂቃ ይጻፋል። በ3ኛው ዙር ስክሪኑ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ይደመጣል።

ማስታወሻ ደብተሮችን የሚያበላሸው «አዘነች» ብሎ መጻፍ ነው። ማዘን አይቀረጽም። «ቃሉን ሳትጨርስ ዋጠችው» ከተባለ ግን ነገ ሊሞከር ይችላል። የስልክ ስክሪንም ለዚህ ሥራ ይጠባል፤ የቪዲዮውን ፍጥነት መቀነስ ደግሞ የንግግሩን ምት ይገድለዋል።

ከዚያ ወዲያው የ«ዩፎሪያ» 2ኛ ምዕራፍ 5ኛ ክፍል (2022) ይታይ፤ ያው ገጸ ባሕርይ ስትጮህ፣ በር ስትሰብር፣ ስትለምን፣ ስትሮጥ። በ2020 በ24 ዓመቷ በድራማ መሪ ተዋናይት ዘርፍ የኤሚ (የአሜሪካ ቴሌቪዥን) ሽልማትን በመውሰድ በዕድሜ ትንሿ ሆና ነበር፤ በ2022 ደገመችው።

የመጀመሪያው «ዱን» ፊልም (2021) ለዚህ ልምምድ አይሆንም። ከ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ የምትታየው 7 ደቂቃ ያህል ነው፤ 2ኛውን (2024) መያዝ ይሻላል። ለቴኒስ ፊልሙ «ቻሌንጀርስ» ከቀድሞው ተጫዋችና አሠልጣኝ ብራድ ጊልበርት ጋር 3 ወር ቴኒስ ተለማምዳለች። እዚያ ከራኬቱ ይልቅ እግሯን ማየት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዳንሰኛ መሆኗ የሚታየው በአረማመዷ ነው።

ለ4ኛው ወር የተያዘው፦ ከምግብ ቤቱ ትዕይንት 2 ደቂቃ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ስልኩን በዓይን ትክክል አቁሞ መቅረጽ። መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል።