ጀበና የማያፈላ ቤት

የጎንደር አብሮ አደጌ «ልጄን ልድር ነው፣ እንዳትቀር» ብሎ ደወለልኝ። ከፍራንክፈርት ሦስት ሆነን ተነሣን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ እናት። እቴቴ ነው የምንላቸው። ጊዜው የካቲት 2015 ዓ.ም. ነበር።

ጓደኛዬ የሚኖረው እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ፣ ቂርያት ኖርዳው የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ከአሽዶድና ከሃይፋ በመጣ ዘመድ ሞልቷል። ሆቴል ደግሞ እቴቴ አይወዱም፤ «ማድ ቤት የሌለው ቤት፣ ቤት ነው እንዴ?» ይላሉ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ኢር ያሚም ሰፈር ገና ቀለሙ ያልደረቀ አፓርታማ አገኘሁ። 18ኛ ፎቅ፣ ሦስት መኝታ፣ ፊት ለፊቱ ባሕር። ለሰባት ሌሊት 5,200 ሸቀል። ሁለት የሆቴል ክፍል ከምንይዝ ይሻላል ብዬ ባለቤቴን አሳመንኳት፣ እውነቱን ለመናገር ግን እኔን የገዛኝ የበረንዳው ፎቶ ነው።

ኔታንያ ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። ጓደኛዬ ከአየር ማረፊያ ሲወስደን የስሟን ነገር እየሳቀ አጫወተን። እ.ኤ.አ. በ1929 ሲመሠርቷት ናታን ስትራውስ በሚባል አሜሪካዊ ሀብታም ስም የሰየሟት ገንዘብ ይሰጠናል ብለው ነው። ሰውየው ግን ያለውን ቀድሞ ለሌላው ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ስሙ ብቻ ቀረላቸው።

ሕንፃው ያምራል፣ አይካድም። ከታች ያለው አዳራሽ እብነ በረድ በእብነ በረድ ነው። ሊፍቱ ግን ዕቃ የሚያስገባ ሰው እንዳይቧጭረው ውስጡ በጣውላ ተሸፍኗል። የማቀዝቀዣው በር ላይ ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም። መጋረጃ የለም፣ በሱ ፈንታ ቁልፍ ሲጫኑ እየጮኸ የሚወርድ የመስኮት መዝጊያ አለ። ሦስተኛው መኝታ «ማማድ» ይባላል፣ ሮኬት ቢመጣ የሚጠለሉበት ክፍል ማለት ነው። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ በሩ ብረት። ከእ.ኤ.አ. 1991ዱ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ሁሉ እንዲኖረው በሕግ ታዟል። እቴቴ ወዲያው «እኔ እዚህ ነኝ» አሉ። ለካ ብልጥ ናቸው! በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤት ያለው ግንባታ ሲጀምር እኔና ባለቤቴ ከአልጋ ዘለልን፣ እሳቸው ግን እስከ ሦስት ሰዓት ተኙ። ማስታወቂያው ላይ ስለ ግንባታው አንዲት ቃል አልነበረችም።

ማታ በረንዳ ላይ ቆሜ ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ አየሁት። ከስንት ፎቅ ስድስት መብራት ቆጠርኩ። ጓደኛዬን ብጠይቀው ብዙዎቹ ባለቤቶች ፈረንሳይ አገር ያሉ አይሁዶች ናቸው አለኝ፣ ለክረምቱ ዕረፍትና ለፋሲካ መጥተው ይመለሳሉ። የሱ ልጅ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ የምትገባበት ቤት ፍለጋ ከከተማው ልትወጣ ነው፣ እዚህ ኪራዩ አይቀመስም። ይህን ሲለኝ ያለሁበት በረንዳ ትንሽ ሼም አሲያዘኝ።

ዓርብ ማታ እሱ ዘንድ አምሽተን በእግራችን ተመለስን፣ በሰንበት አውቶቡስ የለም። ሕንፃው ውስጥ አንዱ ሊፍት ተበላሽቷል። ሌላው የሰንበት ሊፍት ሆኗል፤ በዕለቱ ቁልፍ መንካት ስለማይፈቀድ ማንም ሳያዘው በየፎቁ እየቆመ ይወጣል። እስከ 18 ቁጠሩት እንግዲህ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እቴቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንደምን አመሻችሁ» ይላሉ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። በሩ ይዘጋል። አሥረኛው ላይ «እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» ብለው ተዉት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሕንፃዎቹና ከባሕሩ መሀል ወዳለው ጥብቅ ስፍራ ወረድን። አሸዋው ላይ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ወይን ጠጅ አበባ ፈክቷል። አይሪስ ነው፣ ይህ ዝርያ ከዚህ አገር የባሕር ዳርቻ ውጪ አይበቅልም። ክሬኖቹ ከበላዩ ቆመዋል። ከሳምንቱ ሁሉ የወደድኩት ያቺን ሰዓት ነው።

እሑድ ግን ችግር መጣ። እቴቴ ከፍራንክፈርት በጨርቅ ጠቅልለው ያመጧትን ጀበና ምድጃው ላይ ጣዱ። ምድጃው ድምፅ አሰማ፣ ጠፋ። እንደገና ጣዱ፣ ጠፋ። ኢንዳክሽን ነው፣ ብረት ካልሆነ አያውቅም፤ ሸክላ ቢያስቀምጡበት ባዶ ይመስለዋል። ባለቤቴ በድስት ላፍላ ብትል ኮስተር ብለው አዩዋት። የጓደኛዬ ሚስት በስልክ ሰምታ ስትስቅ ቆየችና «እማማ፣ ቆዩኝ» ብላ ጋዚያ ይዛ መጣች። እዚያ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የሚይዛት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ናት። በረንዳው ላይ ለኮስናት፣ የባሕሩ ነፋስ ግን እፍ እያለ ያጠፋታል። በመጨረሻ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ደርድረን ከለልናት። ቡናው ሲቆላ ሽታው ወደ ታች ወርዶ ኖሮ፣ ዘበኛው ምን ተቃጠለ ብሎ ወጣ። ሦስት ስኒ ጠጥቶ ሄደ።

ሠርጉ ማክሰኞ ነበር፣ በፍጥረት ታሪክ «መልካም እንደ ሆነ አየ» ሁለት ጊዜ የተባለው በዚያ ቀን ነው ብለው ይመርጡታል። እስክስታው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አላባራም፣ የእቴቴን ትከሻ ያላየ ሰው የለም።

ፍራንክፈርት ከተመለስን በኋላ ከአከራዩ መልእክት መጣ፣ ከፎቶ ጋር። በረንዳው ሴራሚክ ላይ ክብ የሆነች ቡናማ ምልክት ቀርታለች። ከመያዣው 300 ሸቀል ቆርጧል። ስለ ግንባታው ጩኸት ልጽፍለት አስቤ ነበር፣ ፎቶዋን ለእቴቴ ሳሳያቸው ግን «ይቺማ የኔ ናት» ብለው ስለሳቁ ከፈልኩ።