ጦስኝ የሚሸትበት የባሕር ጠርዝ

ደሴ ላይ ያደገ ሰው ዳገት ብርቁ አይደለም። የጦሳን ተራራ እየወጣንና እየወረድን፣ እንጨት ተሸክመው ከሚመለሱ እናቶች ጋር በጠባቡ መንገድ እየተላለፍን ነው ያደግነው። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ለአጭር ሥልጠና ወደ ቱርክ ሄጄ፣ ሥልጠናው ካበቃ በኋላ የቀሩኝን ስምንት ቀናት የሊክያን መንገድ በከፊል በእግሬ ለመሄድ ስወስን ግን፣ የባሕር ዳርቻ መንገድ ሜዳ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። ግምቴ በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ፈረሰ።

የሊክያ መንገድ በደቡብ ምዕራብ ቱርክ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ጠርዝና ከጀርባው ባሉት ተራሮች ላይ፣ ከፈትሂዬ ከተማ አጠገብ ተነሥቶ እስከ አንታልያ አካባቢ የሚዘልቅ፣ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግረኛ መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው በጥንት ዘመን በዚያ ምድር ይኖር ከነበረው ሕዝብ ሲሆን፣ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው አገሩን «ሉቅያ» በሚለው ስም ያውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከብ የደረሰባቸው ጳጥራና ሙራ የዚያው አገር ከተሞች ነበሩ፤ ፍርስራሾቻቸው ዛሬም መንገዱ በሚያልፍበት ይታያሉ። መንገዱን ያስጀመረችው ቱርክ ውስጥ ትኖር የነበረች ኬት ክላው የተባለች እንግሊዛዊት ናት፤ የተከፈተውም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ አሠራሩ ነው። አዲስ መንገድ አልተቆፈረም። የሮማውያን የድንጋይ ጎዳና፣ አሮጌ የበቅሎ መንገድ፣ ዩሩክ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ፍየሎቻቸውን እየነዱ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው የሚወጡበት ዱካ እየተፈለገ አንዱ ከሌላው ተያያዘና፣ በየድንጋዩና በየዛፉ ግንድ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ተቀባ። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የለም።

ኦቫጅክ ከሚባለው መንደር ተነሥቼ 1,969 ሜትር ከፍታ ያለውን የባባዳግን ተራራ ጎን ይዤ መውጣት ስጀምር ባሕሩ ከእግሬ ሥር እየራቀ፣ እየሰፋ፣ ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ እየተለወጠ ሄደ። መንገዱ ወጣ ይልና ወደ ጠባብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ሌላ ገደል ይጠብቃል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ለኖረ ሳንባ ያ አየር ቀላል ነው፤ ጉልበት ግን ቁልቁለቱን ከቁጥር ያስገባዋል። በአንደኛው ኩርባ ላይ አረፍ ስል የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ጦስኝ ነበር። ቅጠሉ ከእኛ ደጋ ጦስኝ ትንሽ ይለያል፤ በጣቴ ሳሸው ግን እናቴ ሻይ ላይ የምትጨምረው ያው መዓዛ ወጣ። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ወይራ ቆሟል። የእኛ የጫካ ወይራና የእነርሱ የዘይት ወይራ በዕፅዋት አጥኚዎች ዘንድ የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ናቸው። እኛ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ያደረግነውን እነርሱ በማዕድ አኖሩት። ከቤቴ ይህን ያህል ርቄ በእነዚህ ሁለት ዕፅዋት መካከል መቀመጥ የሰጠኝን ደስታ በሚገባ መግለጽ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ከካባክ ሰርጥ በላይ መንገድ ሳትኩ። ስህተቱ የራሴ ነበር። ቀይና ነጩ መስመር ትክክለኛውን መንገድ ያሳያል፤ በቀይ የተሣለ የመስቀል ምልክት ደግሞ «በዚህ አትሂድ» ማለት ነው። እኔ ግን ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም ምልክት ሳላይ የፍየል ዱካ ተከትዬ ሄድኩ። የያዝኩት ውኃ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። የአካባቢው ዓለት የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ዝናቡን እንደ ወንፊት ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ እንደ ወሎ ጥቁር ድንጋይ በየገመገሙ ምንጭ አያፈልቅም። ስለዚህ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ጉልላት ያለው የድንጋይ ጉድጓድ እየሠራ የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅማል። ዝናባቸው የሚጥለው እኛ በጋ በምንለው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ለእነርሱ ደረቅና የሚያቃጥል ወቅት በመሆኑ ያን ጊዜ እዚያ መሄድን ለማንም አልመክርም።

ከዛፎቹ መካከል የፍየል ደወል ሰማሁ፤ ሻሽ ያሰሩ አንዲት እናት ብቅ አሉ። «ሰላሙ ዓለይኩም» አልኳቸው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሰላምታውን ተዋውሶ ስለሚኖር ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ፊታቸው በራ። ከቤታቸው ደጃፍ አስቀምጠው ዐይራን የሚሉትን፣ በውኃ የቀጠነና ጨው ያለበት እርጎ ቀዱልኝ፤ አንዱን ስጨርስ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ስጨርስ ሦስተኛውን። ቋንቋቸውን ባልሰማም «በሞቴ» እያሉኝ እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያም በትራቸውን ይዘው ወደ መጣሁበት መለሱኝና፣ የወደቀ ዛፍ የሸፈነውን ቀይ መስቀል ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ላደረጉልኝ ሁሉ ገንዘብ ልስጥ ብል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቢ አሉ።

ከካልካን ወደ ፓታራ፣ ወደ ጥንቷ ጳጥራ፣ በሚወስደው ክፍል ላይ ዴሊክኬመር የሚባል የሮማውያን የውኃ መሥመር አለ፤ እዚያ ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። ሁለት ኮረብታዎችን የሚያገናኝ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው። በግንቡ አናት ላይ እንደ ዶቃ መካከላቸው የተበሱ ትልልቅ ድንጋዮች ተሰካክተው ተደርድረዋል። ከወደቁት አንዱን ቀርቤ አየሁት፦ በአንድ ወገን ከንፈሩ ወጣ ያለ፣ በሌላው ወገን ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ውስጥ ገብቶ እንዳያፈስ ማለት ነው። ውኃው ከወዲያኛው ኮረብታ ወርዶ በራሱ ግፊት ወደዚህኛው እየወጣ ፓታራን ያጠጣ ነበር። እጄን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቼ ግድግዳውን ስዳስሰው ውኃው ለዘመናት ያስቀመጠው የኖራ ቅርፊት ሻካራ ሆኖ ተሰማኝ።

በዴምሬ፣ በጥንቷ ሙራ፣ ገደሉ ላይ የተፈለፈሉትን መቃብሮች ሳይ ደግሞ ላስታ ትዝ አለኝ። ሊክያውያን ከ2,300 ዓመት በፊት ዓለቱን ሲፈለፍሉ የቀረጹት የእንጨት ቤታቸውን መልክ ነው፤ የወራጁ ጫፍ፣ የበሩ መቃን፣ የክዳኑ ግንድ ሁሉ በድንጋይ ተቀርጿል። የላሊበላን ቤተ አማኑኤል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እዚያም ድንጋዩ በአክሱም ዘመን የነበረውን የእንጨትና የድንጋይ ግንባታ ረድፍ በረድፍ መስሎ ቆሟል። እነርሱ ለሙታን፣ የእኛዎቹ ለጸሎት ሠሩት፤ ዘመናቸውም በጣም ይራራቃል። ሁለቱም ሕዝቦች ግን የለመዱትን የእንጨት ቤት ለማይፈርስ ዓለት አደራ ሰጥተዋል።

የመጨረሻዬ ምሽት ቺራሊ ነበር። ከመንደሩ በላይ ያናርታሽ በሚባለው ቦታ ከዓለቱ ስንጥቅ የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ሌት ተቀን ይነድዳል፤ በጨለማ መውጣት ይሻላል።

ከተመለስኩ በኋላ አብዝቼ የማስበው ስለ እኛ መንገዶች ነው። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው፣ ከዚያም ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚቀጥለው፣ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ገበሬዎች እንግዳ በሚያሳድሩባቸው ጎጆዎች መካከል የሚያልፈው መንገድ በውበት ከሊክያ የሚያንስ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው። የሊክያ ዱካዎች የተቀቡት የጥንት ተጓዦቻቸው ወደ መኪና ከዞሩና አስፋልት ብዙዎቹን ከዋጠ በኋላ ነው፤ በእኛ መንገድ ግን ገበያተኛው፣ ነጋሹና ወደ ዚያራ የሚወርደው ሰው ዛሬም ይሄድበታል። ስለዚህ ምልክት ማድረግ ያለብን አሁን፣ መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ማረፊያ ቤቱ በኋላ ይደርሳል። ቀለሙም ለአገሬው ሳይሆን ለእንግዳው ነውና፣ የት እንደሚቀባ መወሰን ያለበት አገሬው ነው።

እኔ ከአጎቴ ጋር ጀምሬያለሁ። እርሳቸው በወጣትነታቸው ከደሴ ወደ ሐይቅ እህል በአህያ ጭነው ይመላለሱ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ስለማያስወጣቸው ከመደባቸው ላይ ሆነው የየዳገቱን፣ የየምንጩንና የየማረፊያ ዛፉን ስም ይነግሩኛል፤ እኔም በደብተር እጽፋለሁ። እስካሁን 31 ስሞች ደርሰናል። አንዱን ምንጭ ሲጠሩልኝ ጥቂት ዝም አሉና «ይኸኛው ሳይደርቅ አይቀርም፤ ሄደህ እየው» አሉኝ። በጥር ከልጅ ልጃቸው ጋር እንሄዳለን።