ተልባ ያላሻለው ጨጓራ

አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የባትሪ ጥገና ቤት የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ በምሠራበት ወቅት፣ በሙያው ሁላችንንም የሚበልጡን ባልደረባችን ሆዳቸውን እየቆረጣቸው፣ ድርቀትና ድካም እየተመላለሰባቸው ለወራት ሲሰቃዩ፣ ጨጓራ ነው ብለን ተልባ ከማዘዝ ያለፈ ነገር አላሰብንም። ሥራቸውን የጠየቃቸው ሐኪም ግን ባትሪ የሚሠራበት መርዛማ ብረት፣ እርሳስ፣ በደማቸው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ እንዲለካ አዘዘ። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንጽፍበት የኖርነው እንዴት ያሳምማል ብለው ሳቁ፤ መጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው።

ሌሎቻችንም ተመረመርን። ከጣቴ በተወሰደው ጠብታ የእኔ ውጤት በዴሲሊትር ደም 61 ማይክሮግራም ሆኖ አስደነገጠኝ፤ ከደም ሥር በተቀዳ ናሙና ሲደገም ግን 34 ሆነ። ለምርመራው የቀረብኩት እጄን በውኃ ብቻ ተለቃልቄ ስለነበር፣ ቆዳዬ ላይ የቀረው ብናኝ ከጠብታው ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩን ከፍ አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ጀምሮ ምንጩ ይፈለግ፣ እርምጃም ይወሰድ ስለሚል፣ 34ም ቢሆን የሚያጽናና አልነበረም።

እኛ የምንፈራው እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣውን ጭስ ነበር። አሮጌ ባትሪ ሲፈታ ከፕሌቱ፣ ማለትም በውስጡ ካለው የእርሳስ ሰሌዳ፣ የሚረግፈውን ግራጫ ዱቄት ግን በደረቅ መጥረጊያ እያቦነንን፣ በሙቀቱ ምክንያት ጭንብላችንንም አውልቀን፣ ምሳ ሲደርስ እዚያው አንድ ትሪ ከብበን እንጎራረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወለሉ በእርጥብ መወልወያ እንዲጸዳ፣ ምሳ ከግቢው ማዶ እንዲበላ፣ ከዚያ በፊትም እጅ እስከ ጥፍሩ ሥር በሳሙናና በብሩሽ እንዲታጠብ አደረግን።

ይበልጥ ያሳዘነኝ የባልደረባችን የሦስት ዓመት የልጅ ልጅ ውጤት ነው፤ 12 ነበር። ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ እጅግ አብልጠው ወደ ደማቸው ያስገባሉ፤ እሳቸው ደግሞ ማታ ማታ በሥራ ቱታቸው እያቀፏት፣ ቱታውም ከእሷ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ይታጠብ ነበር። አሁን ቱታችን ከጥገና ቤቱ አይወጣም፤ እዚያው ታጥበንና ልብስ ቀይረን እንሄዳለን። የልጅቷ ውጤት በአራተኛው ወር ወደ 6 ወረደ። የእሳቸው ግን በዝግታ ነው የሚቀንሰው፤ ለዓመታት በአጥንታቸው የተጠራቀመው እርሳስ ጥቂት በጥቂት ወደ ደማቸው ይመለሳልና።