ስድስት ጥርስ

ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌቴ ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዳገት ሞተሩ ግሎ ጉልበት ሲያጣ ባትሪውን ስረግም ነበር። ጥፋቱ ለካ የእኔ ነው! «ሞተር አለኝ» ብዬ ከፊት ባለ 38 ጥርስ ማርሽ አስገጥሜ፣ ዳገቱ ላይ ፔዳሉ በደቂቃ 40 ጊዜ እንኳን አይዞርም ነበር። ፔዳሉ ሥር የተገጠመ ሞተር ደግሞ የሚያቃስት እግር አይወድም፤ ከ70 እስከ 80 ዙር ሲያገኝ ነው የሚቀናው።

አሁን 32 ጥርስ ነው፤ ካቴናውም አጥሯል። የኋላው ትልቁ ማርሽ 51 ስለሆነ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 0.75 ዙር ይዞር የነበረው ወደ 0.63 ወርዷል። በወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ ጉልበቴን ጠይቁት።

ሜዳ ላይ ፍጥነት ያንሰኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ከኋላ በባለ 10 ጥርሱ፣ በደቂቃ 80 ዙር፣ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። የእኔ ሞተር ግን 25 ላይ ማገዙን ያቆማል። ታዲያ ያ ትልቅ ማርሽ ለምን ነበር? ለፎቶግራፍ ይመስለኛል።

ጫፉ አካባቢ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት «አይዞህ ልጄ፣ በርታ» አሉኝ። ሞተር እንዳለው አልነገርኳቸውም።